የከብት ነቀርሳ በቄራ እንዴት ይገለጣል?

ከብት ለአገራችን ሰው ሀብቱ ብቻ ሳይሆን የኑሮው ባልደረባ ነው። በሬው ያርሳል፤ ላሚቱ ለሕፃናቱ ወተት ትሰጣለች፤ ጾሙ ተፈጽሞ በዓል በደረሰ ጊዜም ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚደሰተው በታረደው ሰንጋ ዙሪያ ነው። ከዚህ ቸር እንስሳ ጋራ ግን በዓይን የማይታይ፥ በሥራው የከፋ አንድ በሽታ አብሮ ሊኖር ይችላል። እርሱም የከብት ነቀርሳ፥ በሐኪሞች ዘንድ የከብት ቲቢ የሚባለው ነው። ገበሬው «ሳምባ» እያለ ከሚጠራው ከሌላው ተላላፊ የከብት በሽታ ጋራ ግን ሊምታታ አይገባም።

የነቀርሳ ክፋቱ ድብቅነቱ ነው። የከብት ደስታ የተባለው መቅሠፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ እስከ ታወጀ ድረስ፥ በገባበት አገር መንጋውን በጥቂት ቀን ይፈጀው ስለ ነበር የማያውቀው አልነበረም። አባ ሰንጋም ከብቱን በድንገት ስለሚጥለው ወዲያው ይታወቃል። ነቀርሳ ግን አይቸኩልም። የያዘው በሬ ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፥ እየበላና እያረሰ ይኖራል፤ የያዛት ላምም ትወልዳለች፥ ትታለባለች። ባለቤቱ አንዳች ነገር የሚጠረጥረው ከብቱ መኖው ሳይጎድልበት ሲከሳ፥ ደረቅ ሳል ሲደጋግመው፥ ወይም ላሚቱ ወተቷ ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን እነዚህ ምልክቶች የሌሎች በሽታዎችም ምልክቶች ስለ ሆኑ ነገሩ ተለይቶ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ተሸሽጎ የኖረ በሽታ ለሰው ዓይን የሚገለጥበት አንድ ጊዜና አንድ ስፍራ አለ። ጊዜው ከብቱ የታረደበት ሰዓት ነው፤ ስፍራውም ቄራው ነው። በዚያ ሰዓት የሚያይ ሰው ካለ፥ ያየውም ነገር ከብቱ ወደ መጣበት በረት ተመልሶ ከተነገረ፥ አንዱ የታረደ ከብት በሕይወት ያሉትን ሌሎች ከብቶችና ከእነርሱ ጋራ የሚኖሩትን ሰዎች ሊያድን ይችላል። የሚያይ ሰው ከሌለ ግን ምስክሩ ከሥጋው ጋራ ይጠፋል።

የሊቃውንቱ ክርክር

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ረቂቅ ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት የገለጠው በማርች 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1898 አሜሪካዊው ሊቅ ቴዎባልድ ስሚዝ ሰውን የሚያሳምመውና ከብትን የሚያሳምመው ተሐዋሲ ተመሳሳይ ቢሆኑም አንድ እንዳልሆኑ አስረዳ። ከዚህም የተነሣ ትልቅ ጥያቄ ተወለደ፤ ሁለቱ ከተለያዩ የከብቱ ነቀርሳ ሰውን ይይዛልን?

ኮኽ በ1901 ለንደን ላይ በተደረገው የነቀርሳ ጉባኤ በሰጠው ንግግር፥ በሽታው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ በጥቂቱ ስለ ሆነ ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ አቀረበ። የተናጋሪው ስም ታላቅ ነበርና ቃሉ ብዙዎችን አናወጠ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ነገሩ በስም ክብር ሳይሆን በምርመራ እንዲለይ ስለ ፈለገ በዚያው ዓመት ልዩ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ኮሚሲዮኑ ዐሥር ዓመት ያህል ሲመረምር ቆይቶ በ1911 የመጨረሻ መግለጫውን ባወጣ ጊዜ፥ የከብቱ ነቀርሳ ሰውን በእርግጥ እንደሚይዝ፥ ይልቁንም በወተት አማካይነት ሕፃናትን እንደሚያጠቃ ተረጋገጠ። በሕፃናቱ ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው በሳንባ ሳይሆን በአንገት ዕጢዎች፥ በሆድ ዕቃና በአጥንት ላይ ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት በእስትንፋስ ሳይሆን በምግብ መንገድ ስለ ገባ ነው።

ከዚሁ ከከብቱ ተሐዋሲ ለሰው ልጅ የሚጠቅም ነገርም ተገኝቷል። ካልሜትና ጌራን የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የከብቱን ተሐዋሲ 13 ዓመት ያህል በምርመራ ቤት ውስጥ እያራቡ ጉዳት የማያደርስ እስኪሆን ድረስ አደከሙት፤ በ1921ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ዛሬ ሕፃናት በተወለዱ ጊዜ የሚሰጣቸው የቢሲጂ ክትባት ይኸው ነው።

ሆኖም በሽታው ከዓለም ገና አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ብቻ 140,000 ያህል ሰዎች ከእንስሳ በሚመጣው ነቀርሳ አዲስ እንደ ታመሙ፥ 11,400 ያህሉም እንደ ሞቱ ገምቷል። የከብቱ ተሐዋሲ ከነቀርሳ ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፒራዚናሚድን በተፈጥሮው የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ የበሽታውን ምንጭ ማወቁ ለሕክምናው እጅግ ይጠቅመዋል።

ከብቱ በሕይወት ሳለ

«ታዲያ ከብቱ ሳይታረድ በሽታውን ማወቅ አይቻልምን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይቻላል። ቱበርኩሊን የሚባለው፥ ከተሐዋሲው ተጣርቶ የሚዘጋጅ ፈሳሽ፥ በከብቱ አንገት ቆዳ ውስጥ በጥቂቱ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ተመልሶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል፤ ተሐዋሲው በአካሉ ያለበት ከብት የተወጋው ቦታ ያብጣል።

ብዙ አገሮች መንጋቸውን ያጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሥራው ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ወደ አንድ በረት ሁለት ጊዜ መሄድ አለበት፤ ከብቱ እስከዚያ ድረስ ከስፍራው መራቅ የለበትም፤ በምርመራው የተያዘውም ከብት ከመንጋው ተለይቶ መወገድ ይኖርበታል። ለተወገደውም ከብት ለባለቤቱ ካሣ ካልተከፈለ በሚቀጥለው ጊዜ በረቱን የሚከፍት ገበሬ አይገኝም። ከ65 ሚሊዮን በላይ ከብት ባለበት እንደኛ ባለ አገር እያንዳንዱን ከብት እንዲህ መመርመር ከባድ ወጪና ብዙ ባለሙያ ይጠይቃል። ወደ ቄራ የሚመጣው ከብት ግን ማንም ሳይጠራው በየቀኑ በመርማሪው ፊት ያልፋል። የቄራ ምርመራ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሌላ ድካም ሳይጨመርበት የአገሩን መንጋ ጤና በየዕለቱ ያሳያል።

የመርማሪው ቢላዋ

ምርመራው የሚጀምረው ከቢላዋው በፊት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ወይም የሠለጠነው የሥጋ መርማሪ ከብቶቹ በቁማቸው ሳሉ፥ ሲያርፉም ሲራመዱም፥ ይመለከታቸዋል። የከሳውን፥ የሚያስለውን፥ ትንፋሽ የሚያጥረውንና ዕጢው ያበጠውን ለይቶ ያቆማል።

ከብቱ ከታረደና ከተገፈፈ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል። በዚህ ጊዜ መርማሪው ከሁሉ አብልጦ የሚያተኩረው ንፍፊት በሚባሉት፥ በመላው አካል ተበትነው በሚገኙት ትናንሽ ዕጢዎች ላይ ነው። እነዚህ ዕጢዎች በኬላ ላይ እንደ ቆሙ ዘበኞች ናቸው። በእስትንፋስ ወይም በመኖ የገባውን ጠላት አስቀድመው የሚይዙት እነርሱ ስለ ሆኑ፥ የነቀርሳውም ቁስል አስቀድሞ የሚገኘው በእነርሱ ላይ ነው።

መርማሪው ከራስ ይጀምራል። ከጉሮሮ በስተኋላ፥ ከመንጋጋና ከጆሮ ሥር ያሉትን ዕጢዎች እየሰነጠቀ ያያል። ከዚያ ሳንባውን በዓይኑ ካየ በኋላ በእጁ እየዳሰሰ በውስጡ የጠጠረ ነገር መኖሩን ይፈትናል፤ የአየር ቧንቧው በሚከፈልበት ቦታና በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያሉትንም ዕጢዎች ይከፍታል። ቀጥሎ ጉበቱንና የጉበቱን ዕጢ፥ ጣፊያውን፥ ኩላሊቱን፥ በአንጀቱ ዘለላ ላይ የተደረደሩትን ዕጢዎች ይመረምራል። የታረደችው ላም ከሆነች ጡቷንም ይመለከታል። ቁስሉ የተገኘበት ስፍራም ራሱን የቻለ ምስክር ነው፤ በደረት ዕጢዎች ላይ ከሆነ በሽታው በእስትንፋስ፥ በአንጀት ዕጢዎች ላይ ከሆነ ደግሞ በመኖ ወይም በውሃ እንደ ገባ ያመለክታል።

ጤነኛ ዕጢ ሲሰነጠቅ ውስጡ እርጥብና አንድ ዓይነት መልክ ያለው ነው። ነቀርሳ የያዘው ዕጢ ግን ያብጣል፤ ሲከፈትም ብጫ የመሰለ፥ እንደ አይብ የፈረፈረ ነገር ይታይበታል። ቁስሉ የቆየ ከሆነ ውስጡ እንደ ኖራ ስለሚደርቅ ቢላዋው ሲያልፍበት አሸዋ እንደሚቆርጥ ይንኮሻኮሻል። አንዳንድ ጊዜም በደረቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብዙ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ጉብታዎች ተሰክተው ይገኛሉ። ጀርመኖች ይህን አይተው በሽታውን በጥንት ጊዜ «የዕንቁ በሽታ» ይሉት ነበር።

ቁስሉ በአንድ አካል ብቻ ተወስኖ ከተገኘ ያ ክፍል ተቆርጦ ይወገዳል፤ ወደ ብዙ አካል የተሰራጨ ከሆነ ወይም ከብቱ በበሽታው የመነመነ ከሆነ ግን ሥጋው በሙሉ ለምግብነት እንዳይውል ይከለከላል። ቁስሉን የነካው ቢላዋም በ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ውሃ ሳይነጻ ሌላ ሥጋ አይቆርጥም። ይኸው ምርመራ ሌላም ጥቅም አለው። የኮሶ ትል በከብት ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ የውሃ ከረጢት ሆኖ ስለሚደበቅ፥ መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፥ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ እርሱንም ይፈልጋል። በአገራችን የሥጋ ምርመራ በአዋጅ የተደነገገው በ1970 ነው።

ዓይን ብቻውን አይበቃም

የመርማሪው ዓይን ምን ያህል ሊታመን ይችላል? ይህን ለማወቅ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና አጋሮቹ በኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ቄራዎች ሰፊ ጥናት አድርገው ውጤቱን በ2009 አሳትመዋል። ከተመረመሩት 32,800 ከብቶች ውስጥ ከመቶ 4.7 በሚያህሉት ላይ ነቀርሳ የሚመስል ቁስል ተገኘ። ቁስሎቹ ወደ ምርመራ ቤት ተወስደው ተሐዋሲው እንዲበቅል በተደረገ ጊዜ ግን፥ የነቀርሳው ቤተሰብ የሆነ ተሐዋሲ የበቀለው ከመቶ 11 ያህሉ ላይ ብቻ ነው። ከተገኙት 171 ዘሮች መካከል 58ቱ የከብት ነቀርሳ፥ 53ቱ ደግሞ ነቀርሳ የማያመጡ ዘመዶቹ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በስምንት ከብቶች ላይ የሰው ነቀርሳ መገኘቱ ነው። ሰው ከከብት እንደሚታመም ሁሉ ከብቱም ከሰው ሊታመም እንደሚችል ይህ ያመለክታል።

ከዚህ የምንማረው አንደኛ ነገር ቁስል ሁሉ ነቀርሳ አለመሆኑን ነው። የጥገኛ ትሎች ጉዳትና ሌሎች ተሐዋስያን የሚያመጡት መግል ለዓይን ነቀርሳን ይመስላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ተሐዋሲው በምርመራ ቤት ለመብቀል ብዙ ሳምንት የሚፈጅና አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ አልበቀለም ማለት በእርግጥ አልነበረም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዓይን ይጠረጥራል፤ የምርመራ ቤቱ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ነገር ከዓይን የሚያመልጠው ብዙ መሆኑ ነው። በ1990 በአውስትራልያ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ የተለመደው የቄራ ምርመራ ቁስል ካለባቸው ከብቶች ግማሽ የሚያህሉትን ሳያያቸው ያሳልፍ ነበር። ስድስት ጥንድ ዕጢዎች፥ ሳንባውና የአንጀቱ ዕጢዎች በጥንቃቄ ቢመረመሩ ግን ቁስል ካለባቸው ከብቶች ከመቶ 95ቱን ማግኘት እንደሚቻል ታውቋል። በአገራችንም በአዲስ አበባና በሆሳዕና ቄራዎች የተደረጉት ጥናቶች፥ በተለመደው ምርመራ ያልታዩ ቁስሎች በዝርዝር ምርመራ እንደሚገኙ አሳይተዋል። ነገሩ የመርማሪው ስንፍና ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ! ብዙ ከብት በአጭር ሰዓት በፊቱ ሲያልፍ፥ ብርሃኑ ሲያንስ፥ ነጋዴውም ሥጋው እንዲወጣለት ሲያጣድፈው፥ የሰው ዓይን የሚችለው የተወሰነ ነው። በትንሣኤ ዋዜማ፥ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ከተማው ሁሉ ሥጋ በሚፈልግበት ሌሊት፥ በቄራው ያለውን ጥድፊያ ማሰብ ይበቃል።

በመሐል ኢትዮጵያ በ5,424 ከብቶች ላይ የተደረገና በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት፥ ሆልስታይን የተባሉት የፈረንጅ ከብቶች ከመቶ 22.2ቱ በቱበርኩሊን ምርመራ በሽታው እንዳለባቸው ሲታወቅ፥ በአገራችን የዘቡ ከብቶች ላይ የተገኘው ከመቶ 11.6 መሆኑን ገልጧል። ወተት በብዛት ለማግኘት የፈረንጅ ላሞችና ዲቃሎቻቸው በከተሞች ዙሪያ፥ በጠባብ በረት ተጨናንቀው መርባት ከጀመሩ ወዲህ ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በሌላ በኩል አንባቢው ከልክ በላይ እንዳይሠጋ እውነቱን መናገር ይገባል። በ2013 የታተመ፥ ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት፥ የከብቱ ተሐዋሲ በሰው ነቀርሳ ውስጥ ያለው ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። በአገራችን ሰውን የሚጎዳው ነቀርሳ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከሰው ወደ ሰው በእስትንፋስ የሚተላለፈው ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ እሳት ቤት እንደሚያቃጥል የማያውቅ የለም። በሽታው በላሞቹ ውስጥ እየበዛ፥ ወተቱም ሳይፈላ እየተጠጣ ከቀጠለ፥ ዛሬ ጥቂት የሆነው ነገ ጥቂት ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ከቄራው ወደ በረቱ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። መርማሪው የታመመውን ሥጋ ቆርጦ ቢጥል አንድን ገበታ አዳነ። የታመመው ከብት ግን ብቻውን አልነበረም። አብሮት ያደረ፥ ከአንድ ገንዳ የጠጣ፥ ትንፋሹን የተካፈለ ሌላ ከብት አለ፤ ከዚያም በረት በየማለዳው ወተት የሚጠጣ ሕፃን ሊኖር ይችላል። መርማሪው ያየው ነገር ወደዚያ በረት ካልተመለሰ ሥራው በግማሽ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የአውስትራልያ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው። አውስትራልያ በ1970 የከብት ነቀርሳን ከአገሩ ለማጥፋት ሰፊ ዘመቻ ጀመረች። በመጀመሪያ የቱበርኩሊኑ ምርመራ ታላቁን ሥራ ሠራ። የታመሙት መንጎች እየተመናመኑ ሲሄዱ ግን የቀሩትን ጥቂቶች በሰፊው አገር ውስጥ መፈለግ በጭድ ክምር ውስጥ የጠፋ ፍሬ እንደ መልቀም ሆነ። ያን ጊዜ ፍለጋው ወደ ቄራ ዞረ። ወደ እርድ በሚሄደው ከብት ጭራ ላይ የመጣበትን እርሻ የሚያመለክት ቁጥር ያለው ምልክት ይታሰር ነበር። መርማሪው አጠራጣሪ ቁስል ባየ ጊዜ ናሙናውን ወደ ምርመራ ቤት ይልካል፤ ነቀርሳ መሆኑ ከተረጋገጠ በጭራው ቁጥር እየተመሩ ወደ እርሻው ይሄዳሉ፤ በዚያ ያሉትም ከብቶች ሁሉ ይመረመራሉ። በዚህ ትዕግሥት አገሪቱ በ1997 መጨረሻ ከከብት ነቀርሳ ነጻ መሆኗን ለማወጅ በቃች። ሥራው 27 ዓመት ፈጅቷል።

እንግዲህ የአውስትራልያ መርማሪ ቢላዋ ከእኛ አገር መርማሪ ቢላዋ የተሻለ ስለት አልነበረውም። ልዩነቱ በጭራው ላይ የታሰረው ቁጥር ነው። በአገራችን ብዙው የእርድ ከብት ከገበሬው ወደ ትንሹ ነጋዴ፥ ከትንሹ ወደ ትልቁ ነጋዴ፥ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ቄራ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ የማን በረት ከብት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የመርማሪው ግኝት አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል። ከብቱ ከየት እንደ ተገዛ መመዝገብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረት እርሱ ነው።

ስለ ቅርጫ

እስካሁን የተናገርነው ወደ ቄራ ስለሚገባው ከብት ነው። በበዓል ቀን በየሰፈሩ በቅርጫ የሚታረደው ሰንጋ ግን በምንም መርማሪ ፊት አያልፍም። ቅርጫ መልካም ልማድ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ያዋደደ፥ አቅም ያነሰውም ለበዓሉ ሥጋ እንዲያገኝ ያስቻለ የአባቶች ጥበብ ነው። ልማዱ ይቅር የሚል አሳብ የለንም። ነገር ግን ጥንቃቄ ይጨመርበት።

እስቲ እናስብ። ዐሥር አባወራዎች ከየድርሻቸው ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ገዙ። በማለዳ ታረደ፤ መደቡም ሊደለደል ሲል አራጁ ሳንባውን ቢከፍት በውስጡ አይብ የሚመስል ቁስል አገኘ። አሁን ምን ይደረግ? ገንዘቡ ወጥቷል፤ ልጆች በቤት ይጠብቃሉ፤ ዕለቱም የደስታ ዕለት ነው። ቁስሉን በዝምታ ቆርጦ ለውሻ መጣልና መደቡን መደልደል ቀላሉ መንገድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ኪሣራውን ብቻውን የሚሸከም ስለሚመስለው ነው። እንዲሁም ከብቱ ለሚወገድበት ሰው ካሣ በማይከፈልበት ስፍራ ነጋዴውም ገበሬውም ለመደበቅ ይፈተናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ዛሬ የተደበቀው ቁስል ነገ ከዚያው በረት በሚመጣው ወተት ይመለሳልና።

ስለዚህ የቅርጫ ማኅበርተኞች አስቀድመው ይመካከሩ። ከብቱን ሲገዙ ከየት አገር፥ ከማን እንደ መጣ ይጠይቁ፤ የሚያስለውንና የመነመነውን ከብት በዋጋው ርካሽነት ተስበው አይግዙ። በቅርብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካለ በእርዱ ሰዓት ተገኝቶ ሳንባውን፥ ጉበቱንና ዕጢዎቹን እንዲያይ ከበዓሉ በፊት ይለምኑት፤ ድካሙንም በጋራ ይካሱት። የሚጠረጠር ነገር ከተገኘ ክፍሉ ሳይጣል ለባለሙያው ይታይ። የሚወገደውም ለውሻ ሳይሰጥ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ከሁሉ በላይ ግን ኪሣራ ቢደርስ ማኅበርተኞቹ በእኩል ሊካፈሉት አስቀድመው ይስማሙ። ኪሣራው በአንድ ሰው ላይ ካልወደቀ እውነቱን የሚደብቅ አይኖርም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች እነሆ።

አንደኛ፥ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። የከብቱ ነቀርሳ ወደ ሰው የሚገባበት ዋናው በር ጥሬ ወተት ነው፤ ይህንንም በር መዝጋት የአንድ ድስትና የጥቂት ደቂቃ እሳት ጉዳይ ብቻ ነው። በፋብሪካ ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፥ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ በማሞቅ ተሐዋሲውን ያጠፉታል። በቤት ግን ገንፍሎ እስኪነሣ ማፍላት ይበቃል። ይህ በተለይ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡሮችና ለደካሞች እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሁለተኛ፥ ወተት መርጋቱ ተሐዋሲውን በእርግጥ አይገድለውም። እርጎውም አይቡም የሚሠራበት ወተት አስቀድሞ ቢፈላ ይመረጣል። በእሳት የተነጠረ ቅቤ ግን አያሠጋም።

ሦስተኛ፥ ቁርጥና ክትፎ ለሚወዱ ሁሉ፥ ሥጋው የቄራው ማኅተም ያለበት መሆኑን ማየት ትንሹ ጥንቃቄ ነው። ሳይመረመር የታረደ ሥጋ ግን በሚገባ በስሎ ይበላ። ይህ ከነቀርሳ ብቻ ሳይሆን ከኮሶም ያድናል።

አራተኛ፥ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ቢቻል በመካከል ይለይ፤ ካልተቻለም አየር የሚገባበት መስኮት ይኑረው። ነቀርሳ የተጨናነቀና የታፈነ ስፍራ ይወዳል።

አምስተኛ፥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፥ ወይም በአንገቱ ላይ ያለ ሕመም የቆየ እብጠት የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከብት እንደሚያረባና ጥሬ ወተት እንደሚጠጣም ለሐኪሙ ይንገር። በነቀርሳ የታመመ ሰውም ሕክምናውን እስኪያጠናቅቅ ከብት ከመጠበቅና ከማለብ ቢቆጠብ ለራሱም ለከብቱም ይበጃል።

የሥጋ መርማሪ ሥራው በደምና በጥድፊያ መካከል ስለ ሆነ ብዙ ምስጋና አያገኝም፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ገንዘብ አጥፊ ይታያል። ነገር ግን አንድ ዕጢ ሰንጥቆ ባየ ቁጥር የሚጠይቀው ስለ እኛ ነው። የቤት እመቤት ወተቱን ባፈላች ቁጥር፥ አባወራውም የገዛውን ከብት አመጣጥ በጠየቀ ቁጥር፥ መርማሪው በቄራ የጀመረውን ሥራ በቤታቸው ይፈጽሙታል። በሽታው የሚደበቅ ነው፤ ከእርሱ ጋራ መደበቃችንን ከተውን ግን መሸሸጊያ አያገኝም።